እናቴ የማትጠራው ቀበሌ

ኔትወርክ አገራችን ከገባ ወዲህ እኔ ዕረፍት የለኝም። ሌላው ሰው ኔትወርክ ሲገባለት እፎይ ይላል፤ እኔ ጭራሽ ባሰብኝ። ድሮ እናቴ ጋ ስልክ ስለማይሠራ፣ ከገጠር ወደ ሆሳዕና ገበያ የሚመጣ ሰው እስካገኝ ድረስ ምንም ማወቅ እንደማልችል ገብቶኝ ቁጭ እል ነበር። አሁን መደወል ይቻላል። መደወል ከተቻለ ደግሞ ጠዋት መደወል አለ፣ በምሳ ሰዓት መደወል አለ፣ ካልተነሳ ደግሞ ለምን አልተነሳም እያሉ የቢሮ ኮሪደር ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት አለ።

"ላሚቱ ደህና ናት፣ እኛም ደህና ነን፣ አንቺ ሥራ የለሽም እንዴ?" ትለኛለች እናቴ።

ሥራማ አለኝ። ሆሳዕና በአንድ የክልል መሥሪያ ቤት ውስጥ ከየወረዳው የሚመጣ ሪፖርት አጠናቅራለሁ። የትኛው ቀበሌ መንገድ ደረሰው፣ የትኛው ኔትወርክ ገባለት፣ የትኛው ለአምቡላንስ ክፍት ሆነ፤ የእኔ እንጀራ ይኸው ነው። ከምባታ ውስጥ ያለው የትውልድ ቀበሌዬ በሦስቱም "ተደራሽ" የሚል ቃል ተጽፎለታል። ቃሉን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ስልኬን አንስቼ እደውላለሁ። የማላምነው ሪፖርቱን ይሁን ራሴን እስካሁን አልገባኝም።

በዚያ ሰሞን ግን ለጭንቀቴ በቂ ምክንያት ነበረኝ። የወንድሜ ሚስት ልትወልድ ደርሳለች። ወንድሜ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ሱቅ ይሠራል። ባለፈው ዓመት መጥቶ፣ እሷን አስረግዞ ተመልሷል። ቤት ውስጥ ያሉት እናቴና እሷ ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያ ልጇን መንገዱ ሳይሠራ በፊት ነው ያጣችው። በቃሬዛ ተሸክመናት፣ ማለቴ ወንዶቹ ተሸክመዋት፣ እኔና እናቴ ከኋላ እየተንሸራተትን ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ዝናቡም መሬቱን ሳሙና አድርጎት፣ ወንዙ ጋ ስንደርስ መሻገር አልቻልንም። ውሃው እስኪጎድል ቆመን ስንጠብቅ ወለደች። ልጁ አላለቀሰም። ሁላችንም እንዲያለቅስ እየጠበቅን ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ በኋላ የወንድሜ ሚስት ልብስ ለማጠብ ወደዚያ ወንዝ ወርዳ አታውቅም፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቃትም።

እንግዲህ መንግሥት መንገድ ሊያወጣላችሁ ነው ሲባል፣ አገሩ ሁሉ ያጨበጨበው በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው። ግሬደሩ ከመምጣቱ በፊት ሰዉ በደቦ ወጥቶ የመንገዱን ዳር ጠረገ፣ አጥሩን ወደ ውስጥ ሳበ። እናቴ ለመቁረጥ የደረሰ አንድ ረድፍ እንሰቷን በገዛ እጇ ነቀለች። እንሰት ለማያውቀው ሰው ቅጠል ነው፤ ለእሷ የዓመታት ጉልበት ነው። ቀጥሎ ድልድዩ ተሠራ፣ ቀጥሎ ከኮረብታው ላይ የኔትወርክ ማማ ቆመ፣ በወረዳው ከተማ አምቡላንስ ተመደበ። የእኛ ቤት ረግረጉ አጠገብ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ኔትወርኩ ቤት ውስጥ አይይዝም፤ ከብት የሚውልበት ሜዳ አናት ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ይህንን በሪፖርት ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ቢሆንም አላማረርኩም፤ አሁን ምን ጎደለ፣ ሁሉም አለ አልኩ።

ለእናቴ ባለቁልፍ ስልክ ገዛሁላት። መጻፍም ማንበብም ስለማትወድ የአምቡላንሱን ስልክ አንድ ቁልፍ ላይ፣ የእኔን ሌላው ላይ አስቀመጥኩላትና ሐሙስ በመጣ ቁጥር በስልክ አስጠናት ጀመር።

"ምጥ ሲጀምራት ምን ታደርጊያለሽ?"

"ሜዳው ላይ እወጣለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ቁልፉን ይዤ እቆያለሁ።"

"ሲያነሱስ ምን ትያለሽ?"

"ምራቴን ምጥ ይዟታል እላለሁ።"

"ከየት ነው ሲሉሽስ?"

"ከአገሬ ነዋ!" ትልና ትስቃለች። እኔም እሷን ትቼ ባትሪው ተሞላ ወይ፣ ሲም ካርዱ አልተነቀለም ወይ ወደሚለው እሄዳለሁ። ሰውን የማናደድ ልዩ ተሰጥኦ እንዳለኝ የቢሮ ባልደረቦቼም ይናገራሉ። የወንድሜ ሚስት በሚቀጥለው ሰኞ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ እንድትገባ ተስማምተን ነበርና ነገሩ ሁሉ ያለቀለት መሰለኝ።

ሰኞ ከመድረሱ በፊት፣ አርብ ዕለት ጠዋት፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የገጠር አገልግሎት ተደራሽነት የሚል ስብሰባ ነው፤ ስልካችንን ድምፅ አልባ እንድናደርግ ተነገረን፤ አደረግን። ስለ ቀሩት ቀበሌዎች ሲወራ እግሬን ወንበሩ ሥር ስነቀንቅ፣ አጠገቤ ያለው ሰው "ሽንት ቤት ከሆነ በዚያ በኩል ነው" አለኝ በሹክሹክታ። ሻይ ሰዓት ወጥቼ ስልኬን ሳየው የእናቴ ቁጥር ተደርድሮበታል። እናቴ በራሷ ደውላልኝ አታውቅም።

ደወልኩ፤ አይሠራም። ወደ ቤት ወርዳለች ማለት ነው። ጎረቤት ጋ ደወልኩ፤ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ማዶ ያለ ቀበሌ ለቅሶ ሄዷል፣ እሱም እዚያው ነው፣ የሰው ዋይታ እየተሰማ "ምን አልሽኝ?" ይለኛል። ተውኩትና ወደ አምቡላንስ ስምሪቱ ደወልኩ። አንድ ወጣት ወንድ አነሳ፤ አነጋገሩ የእኛ አገር አይደለም።

"እናንተ ጋ አንዲት እናት ደውለው ነበር?" አልኩት።

"አዎ፣ ጠዋት አንድ እናት ደውለው ነበር። ምራታቸው ምጥ ላይ ናት። ቀበሌያቸውን ግን መናገር አልቻሉም። የት ነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ ከድልድዩ በላይ ይላሉ፤ ማማው ያለበት ይላሉ። እህቴ፣ ማማው እኮ ከየትም ይታያል። የቀበሌውን ስም ንገሩኝ ብላቸው ዝም አሉ። መስመሩ አልተቋረጠም፣ ሲተነፍሱ እሰማቸዋለሁ፤ ግን ዝም።"

አንድም ቀን አላሰብኩትም። ባትሪውን አስቤያለሁ፣ ሲሙን አስቤያለሁ፣ ዝናቡን ሳይቀር አስቤያለሁ፤ የእናቴን አፍ ግን ረሳሁት።

ባሊሻ እንለዋለን። ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም፤ ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ሌላም ቃል አትጠራም። ዛሬ ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች እየተዉት ነው፣ ቤተ ክርስቲያንም ግድ አይደለም ትላለች። እናቴ በጸሎት ቤቱ የመጀመሪያ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ሴት ናት፤ ይህን ግን አልተወችም። በእኛ ቋንቋ ቅቤ የሚለው ቃል በአያቴ፣ በአባቴ አባት፣ ስም የመጀመሪያ ድምፅ ይጀምራል፤ እናቴ ካገባች ጀምሮ ቅቤን በሌላ ቃል ነው የምትጠራው፤ እኛም ልጆቿ ያንን ቃል ስንሰማ ነው ያደግነው። የቀበሌያችንም ስም በዚያው ድምፅ ይጀምራል። አያቴ ሲበዛ ደግ ሽማግሌ ነበር፤ አባቴ በወጣትነቱ ሲሞት እናቴን ወደ ወላጆቿ ቤት እንዳትመለስ፣ መሬቷን ማንም እንዳይነካባት ያደረገው እሱ ነው። የስሙን ድምፅ ከአፏ ያወጣች ቀን የካደችው ይመስላታል። ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ስትጠየቅ፣ ሁልጊዜ አጠገቧ የሚናገርላት ሰው ነበር፤ እኔ ወይ ምራቷ ወይ ደግሞ እዚያ የቆመ ማንኛውም ሰው። ሜዳው አናት ላይ ግን ብቻዋን ነበረች።

"ቀበሌው እንዲህ ነው!" ብዬ ስሙን ጮኼ ነገርኩት። "አሁኑኑ መኪና ላክልኝ፣ በእግዚአብሔር!"

"ቆይ፣ ተረጋጊ፤ መኪናው እኮ ሄዷል።"

"የት?"

"እዚያው አንቺ ያልሽው ቀበሌ ነዋ። እናትየዋ ትንሽ ቆይተው መልሰው ደወሉና ስሙን ነገሩኝ።"

"አልነገሩህም" አልኩት።

"እንዴ፣ ነገሩኝ እኮ።"

"የእኔ እናት አይደሉም። እናቴ ያንን ስም አትልም። ሌላ ሰው ነው፤ ሌላ ምጥ ነው፤ መኪናው ወደ ሌላ ቤት ሄዷል!" ከስብሰባው የወጡ ሰዎች የሻይ ብርጭቆ ይዘው ያዩኛል። ግድ አልሰጠኝም። "ሌላ መኪና ላክ!"

"ሌላ መኪና የለንም" አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ ደግሞ፣ "አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሉት። እንደ ጩኸት። ወዲያው ዘጉት" አለኝ።

ቦርሳዬን ስብሰባው ውስጥ ትቼ መናኸሪያ ሮጥኩ። የዶዮገና ሚኒባስ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል፤ ረዳቱ "አንድ ሰው፣ አንድ ሰው" እያለ ይጮሃል፤ ያ አንድ ሰው ደግሞ አልመጣ አለ። ሾፌሩን እንሂድ ብዬ ለመንኩት፤ እኔ እከፍላለሁ ብዬ ጮህኩበት። መንገድ ላይ ቁጥሯን እየደጋገምኩ ነካሁት። አንዴ "ደንበኛው ከአገልግሎት ክልል ውጭ ናቸው"፣ አንዴ ደግሞ ይጠራል፣ ማንም አያነሳም። ወንዙ ዳር ያ ልጅ ዝም ያለው ዝምታ ጆሮዬ ላይ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት አሮጊት እጄን ይዘው "አይዞሽ" አሉኝ፤ ምን እንደሆንኩ እንኳ አልጠየቁኝም።

ዶዮገና ላይ ወርጄ በሞተር ተፈናጥጬ ጤና ጣቢያው ደረስኩ። አምቡላንሱ በሩ ላይ ቆሟል፤ ጎማው ጭቃ ነው። ጭቃው የእኛ አገር ቀይ ጭቃ ነው፤ አወቅኩት። ያን ጊዜ ነው የተነፈስኩት።

እናቴ ከክፍሉ ውጭ፣ ጥላው ጋ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን እስከ አፏ ሸፍናለች። ስታየኝ አልተነሳችም።

"ወለደች ወይ?"

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

"ልጁስ?"

"ሴት ናት። አልቅሳለች" አለች ከነጠላው ሥር። ደጋግሜ ሳምኳት፤ አልሳመችኝም። "መጀመሪያ አልወጣልኝም፤ ምላሴ እንቢ አለ" አለች። "ቤት ስመለስ ምራቴ ከአልጋው ወርዳ መሬት ላይ ናት፤ ደሙን አየሁት። ተመልሼ ሜዳው ላይ ወጥቼ አንቺ ጋ ደወልኩ፤ አላነሳሽም። ከዚያ እዚያው ቆሜ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቅኩት። ይቅርታ ጠይቄው ነው የጠራሁት።" እንባዋ መጣ። "እሱ ቢኖር ራሱ ይጠራልኝ ነበር እኮ። ለምን ነው እንደዚህ የከበደኝ?"

እጇን ይዤ ምንም ሳልጠይቃት ተቀመጥኩ፤ ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ትንሽ ቆይታ ተነሳችና ወደ ውስጥ ገባች፤ ተከተልኳት። የወንድሜ ሚስት ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተኝታለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል፣ ዓይኗ ግን ይስቃል። ልትነሳላት ሞከረች፤ እናቴ በእጇ አስቆመቻት።

"ስሜን ጥሪው" አለቻት።

የወንድሜ ሚስት በትክክል ያልሰማች መሰላት። "ምን አሉኝ?"

"ስሜን። ከአፍሽ ልስማው።"

"ኧረ እማማ፣ እኔ እንዴት አድርጌ…" አለችና ወደ እኔ አየች። እሷም ከመጣች ጀምሮ የእናቴን ስም ጠርታ አታውቅም።

"እኔ ነገ ሜዳው ላይ ብወድቅ የምትደውዪው አንቺ ነሽ። ማን ወደቀ ሲሉሽ ምን ልትይ ነው?"

"እማማ ወደቁ እላለሁ።"

"የቷ እማማ? አገሩ በእማማ የተሞላ ነው። ከዚያ አንቺም ዝም ብለሽ ልትተነፍሺባቸው ነው?" ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። "ጥሪው፣ ልጄ። ዛሬ እኔ እያለሁ ጥሪው።"

እኔ ልናገርላት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። የወንድሜ ሚስት የልጇን ጨርቅ ጫፍ አንስታ ፊቷን ሸፈነች። ከጨርቁ ሥር ሆና፣ በጣም ቀስ ብላ፣ የእናቴን ስም ጠራች።

እናቴ ወደ አልጋው ጎንበስ አለች።

"አቤት" አለቻት።