ዳኛው ያሉት ነው

የረጠበ የበግ ጠጉር ሲሸተኝ እናደዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ አንዲት የገጠር ሴት አጠገቤ ተቀመጡ። ዝናብ መቷቸው ነበር፤ ትከሻቸው ላይ የጣሉት የበግ ጠጉር ባና ይተናል። ሌላው ተሳፋሪ መስኮት ክፈቱ እያለ ሲያጉረመርም እኔ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። እሳቸው ምን አጠፉ? “አጣበብኩሽ ልጄ” ብለው ጠጋ አሉልኝ። ምንም አይደል እናቴ አልኳቸው። ከወረድኩ በኋላ ግን ብቻዬን እያጉረመረምኩ ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው እኮ፣ አስበው።

ቼዝ ትችላለህ? አትችልም። ግድ የለም፣ ይህን ታሪክ ለሚችል ሰው መንገር ሰልችቶኛል። የሚችል ሰው ገና ሳልጨርስ “ይግባኝ አትይም ነበር?” ይለኛል። ለማን ነው ይግባኝ የምለው?

የተማርኩት ከሞላሌ አልፎ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቹ አሁንም አሉ። እኛ የገጠር ልጆች ለሦስት ለአራት ሆነን ቤት ተከራይተን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ እያመጣን ነበር የምንማረው። ብርዱን አትጠይቀኝ። ጠዋት ጉሙ ክፍል ድረስ ገብቶ ከኋላ የተቀመጠ ሰሌዳውን አያየውም ነበር። ሁላችንም ቤት ያፈራውን ደራርበን እንመጣለን። እኔ እናቴ ከአሮጌ ባና ቆርጣ የዘመዘመችልኝን ቁራጭ ነበር የምደርበው። ከባድ ነው፣ ይኮሰኩሳል፣ ሲረጥብ ይሸታል፣ ግን ያሞቃል።

ቼዝን እዚያ ያመጡት የሒሳብ አስተማሪያችን ናቸው። ረጅም ሰው ናቸው፤ ያኔም ሸብተዋል፤ የኮታቸው እጅጌ ሁልጊዜ ጠመኔ እንደነካው ነው። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ደብረ ብርሃን ይኖራሉ፤ እሳቸው ስድስት ዓመት ሙሉ ዝውውር እየጠየቁ እኛው ጋ ቀርተዋል። በየዓመቱ “ዘንድሮስ ይሳካል” ይላሉ፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ እዚያው እናገኛቸዋለን። ከትምህርት በኋላ የሚሄዱበት ቤት ስለሌላቸው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰሌዳውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ማንም መጥቶ መጫወት ይችላል። ሴት የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ወንዶቹ ሁሉ የሚጀምሩት በአንድ መንገድ ነበር፤ ንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ገፍተው መሀሉን መያዝ፣ ከዚያ ጦርነት። እኔም እንደዚያው ስጀምር አንድ ቀን እጄን ያዙኝ። “አንቺ ቁጡ ነሽ። ቁጡ ሰው መሀል ከገባ ያልቅለታል። ከዳር ጀምሪ” አሉኝ። ከዚያ አሳዩኝ። ከንግሥቲቱ አጠገብ ካለው ጳጳስ ፊት የቆመውን ወታደር ሁለት እርምጃ ትገፋለህ። በሌላው ወገን ደግሞ አንዱን ወታደር ትንሽ ከፍ አድርገህ ሌላኛውን ጳጳስ እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ታስቀምጠዋለህ፤ እዚያ ተቀምጦ ሰሌዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ያያል። ፈረሱን ታወጣለህ፣ ንጉሡን ትሸሽጋለህ። መሀሉን አትነካም። የቱ ቀድሞ የቱ ይከተል የሚል ሕግ የለውም፤ እንደ ሰውየው አመጣጥ ትለዋውጠዋለህ።

“መሀሉን ባዶ ልተውለት?” ስላቸው፣ “ይውሰደው። የወሰደውን መጠበቅ የሱ ፈንታ ነው” አሉ።

ሁለት ወር ሙሉ ተሸነፍኩ። ወንዶቹ “ዳር ዳሩን ምን ያዞርሻል፣ አጥር ታጥሪያለሽ?” እያሉ ሳቁብኝ። በንዴት አንድ ሁለቴ ሰሌዳውን ገፍቼ ወጥቻለሁ። በማግስቱ ግን እመለሳለሁ፤ እሳቸውም ምንም እንዳልተፈጠረ ወታደሮቹን ይደረድሩልኛል። ከዚያ አንድ ቀን፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ገባኝ። ሰውየው መሀል ላይ የከመረው ሁሉ ሸክም ሲሆንበት፣ የትኛውን እንደሚጠብቅ ሲጠፋው፣ እኔ ከጎን አንዲት ወታደር ገፋ ሳደርግና ሁሉ ነገር ሲናድ አየሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ በኋላ የሚያሸንፈኝ ጠፋ።

አንዲት ነገር እዚህ ጋ ያዝልኝ። በዚያው ሰሞን ስንጫወት በሩ በነፋስ ተበርግዶ ንጉሤ ከሰሌዳው ላይ ተንከባሎ ወደቀ። አብሮኝ የሚጫወተው ልጅ ንጉሥሽ ስለወደቀ ተሸንፈሻል ብሎ ሙጭጭ አለ። አስተማሪው ሳቁ። “የወደቀ ይነሳል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ባለቤቱ እጅ ሰጠሁ ብሎ አውቆ ካላስተኛው ንጉሥ አይሞትም” አሉት። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በዚያ ዓመት የዞን ውድድር ደብረ ብርሃን እንደሚደረግ ተነገረ። ከእኛ ወረዳ በቼዝ አንድ ሰው ብቻ ይሄዳል። እዚያ ጥሩ የተጫወተ ወደ ባሕር ዳር ያልፋል ተባለ። እኔ ባሕር ዳርን ተወው፣ ደብረ ብርሃንንም አላውቅም። ሴት ልጅ ለጨዋታ ብላ ከከተማዋ ወጥታ አታውቅም። አባቴ ለገበያ ሲመጣ አስተማሪው ጠርተው አነጋገሩት። አባቴ በትሩን ተደግፎ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ ካሸነፈች ትሂድ፤ ከተሸነፈች ግን ይህን ነገር ሁለተኛ እንዳልሰማ፣ ትምህርቷን ብቻ ትማር አለ። አስተማሪው ታሸንፋለች አሉት። አባቴ ፊት ነው ያሉት። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ፤ መሄድ ፈለግኩ። ምን ያህል እንደፈለግኩ ልነግርህ አልችልም።

የወረዳው ማጣሪያ የመጨረሻው ጨዋታ ቅዳሜ ጠዋት እኛው ትምህርት ቤት ነበር። ካፊያው አላቆም ብሎ ባናዬ በስብሶ ነው የደረስኩት። የሚገጥመኝ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ነበር፤ ቀልደኛ፣ እጁ ፈጣን። ዳኛ ሆኖ የመጣው ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የተላከ አንድ ኃላፊ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ፣ እሱን አንቱ አልለውም። ቼዝ የሚያውቀው በዓይኑ ነው። ዝውውር የሚፈረመው ግን በሱ እጅ ነበር፤ የአስተማሪያችን ማመልከቻ ስድስት ዓመት የተኛው እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ነጩ ለእኔ ደረሰኝ። ወታደሬን ከዳር ገፋሁ። ልጁ ፈገግ ብሎ መሀሉን በሦስት ወታደር ሞላው። ሞላው! እኔ ጳጳሴን አስቀመጥኩ፣ ፈረሴን አወጣሁ፣ ንጉሤን ሸሸግኩ፣ ጠበቅኩት። ቀልዱ እየቀነሰ ሄደ። ከጎን መታሁት፣ መሀሉ ተከፈተ፣ ጳጳሴም ከጥግ እስከ ጥግ ተሻግሮ ግንቡን በላ። ዙሪያችንን ዴስክ ላይ የተቀመጡት ተማሪዎች ሲንሾካሾኩ ይሰማኛል። ለማሸነፍ ቢበዛ አራት እርምጃ ቀርቶኛል። ተራው የእኔ ነበር።

በሩ ተከፈተና አስተማሪያችን ገቡ።

እኛ ጋ አስተማሪ ሲገባ ምን ይደረጋል? ይነሳሉ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የለመድነው ነው፤ ቤትም ትልቅ ሰው ሲገባ ይነሳሉ፣ መንገድ ላይም ይነሳሉ። አእምሮህ አይደለም የሚነሳው፣ ጉልበትህ ነው። ክፍሉ በሙሉ ብድግ አለ፤ እኔም ብድግ አልኩ። ያ ውሃ የጠጣ ባና ጫፉ ሰሌዳው ላይ አርፎ ኖሮ፣ ስነሳ ንጉሤን ጎትቶ ጣለው። ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አንስቼ ላቆመው ጎንበስ ስል ኃላፊው እጁን ዘረጋ። “ተዪ፣ አታንሺው። ንጉሡን የጣለ እጅ ሰጠ ማለት ነው” አለ። ሳላውቅ ነው፣ ልብሴ ነው አልኩት። ሕግ ሕግ ነው አለ። በእግዜር፣ ልጁ እንኳ፣ የሚገጥመኝ ልጅ እንኳ፣ እንቀጥል ግድ የለም፣ እሷ እየበለጠችኝ ነው አለው። ኃላፊው ይህን ሲሰማ ጭራሽ ፊቱ ጠቆረ። ሰው ፊት የተናገረውን ሊያጥፍ ነው? ወደ አስተማሪያችን ዞረ።

“አይደለም እንዴ መምህር? ቼዙን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት።”

እኔ እፎይ አልኩ። ልብ አድርግ፣ እፎይ ነው ያልኩት! አሁን ይናገራሉ፣ የወደቀ ይነሳል ይላሉ ብዬ ፊታቸውን አየሁ። እሳቸው አላዩኝም። መስኮቱን አዩ፣ ኮታቸው ላይ ያለውን ጠመኔ አራገፉ።

“ዳኛው ያሉት ነው” አሉ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል እንጂ! ነቅዞ በዓይኔ አይቻለሁ። በኋላ አጥሩ ጥግ ቆሜ ሳለቅስ መጥተው፣ ታገሺ፣ ለሚቀጥለው ዓመት አሉኝ። መልስ አልሰጠኋቸውም። ነውር ነው አይደል? ትልቅ ሰው ሲያናግር ዝም ማለት። አደረግኩት። አባቴም በሰማ ጊዜ አልተቆጣም፤ በቃ፣ ነገሩ አለቀ አለ። አለቀም።

ክረምቱ ሳይገባ ዝውውራቸው ተፈረመ። የምንሸኛቸው ቀን ተማሪው ሁሉ ተሰብስቦ ሲያለቅስ እኔ የተከራየሁበት ቤት ተኝቼ የጣራውን ማገር እቆጥር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ቼዝ የሚያስተምር የለም፣ ውድድርም አልመጣም። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ተመርቄ፣ ይኸው ደብረ ብርሃን ቢሮ ገብቼ ደብዳቤ አስገባለሁ አስወጣለሁ። ሥራዬ መጥፎ አይደለም። ግን ስብሰባ ላይ አለቃ ሲገባ ጉልበቴ ብድግ ይላል፣ ያን ጊዜ በራሴ እቃጠላለሁ። ያን ቀን ባልነሳስ? ተቀምጬ ብቀርስ? ባለጌ ይሉኝ ነበር፣ ይበሉኝ! እሄድ ነበር።

እሳቸው እዚሁ ከተማ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ሄጄ አላውቅም። አንድ ቀን አግኝቼ የምላቸው ነገር ግን ነበረኝ፤ በልቤ ስንት ጊዜ አስተካክዬዋለሁ። “እኔ ለእርስዎ ክብር ተነሳሁ፣ እርስዎ ለእኔ አንዲት ቃል አቃተዎት” ብሎ ይጀምራል።

ዓምና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ ጎረቤቴ ሚስታቸው ሞተውባቸው ለቅሶ ልደርስ ነው፣ አብረሽኝ ነይ አለችኝ። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ እሳቸው ናቸው። ጋቢ ተከናንበው፣ ጢማቸው አድጎ፣ ትከሻቸው ወርዶ። ለቅሶ ቤት ሰው አይወቀስም፤ ነፍስ ይማር ብዬ ጥግ ተቀመጥኩ። ብዙ ሲያዩኝ ቆዩ። ከዚያ ንፍሮ የምታዞረውን ልጃቸውን ጠሩ።

“ይቺ እዚያ ያስተማርኳት ልጅ ናት። አሸንፋ ነበር” አሏት።

ልጅቷ ምኑን እንዳሸነፍኩ አልገባትም፤ እንግዳ አክብራ ራሷን ነቀነቀችልኝ። የእኔ ደም ፈላ። ያኔ ኃላፊው ፊት፣ አባቴ ይስማው ዘንድ፣ ያቃተዎትን ቃል ዛሬ ድንኳን ውስጥ ለማያውቅ ሰው? አፌ ድረስ መጣ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ይበለኝ ብለው የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ልጅቷ ንፍሮውን ሰጥታኝ አጠገቤ አረፍ አለች። እናቷ ሲታመሙ የኖሩት ከድሮ ጀምሮ ነው አለችኝ፤ እግራቸው አልታዘዝ ካለ ቆይቷል። “ድሮ አባባ እዚያ እያለ ከአልጋ የማወርዳት እኔ ነበርኩ። ትንሽ ልጅ ነኝ፣ አልችላትም፣ አብረን እንወድቅ ነበር። እሱ ተዛውሮ ከመጣ ወዲህ ግን አንድ ቀን ወድቃ አታውቅም” አለች።

ይህን እኛ አናውቅም ነበር። አንድም ቀን አልነገሩንም።

ስነሳ ወደ እሳቸው ሄጄ ጎንበስ አልኩ። እግዜር ያጥናዎት አልኳቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አልለቅ አሉ፤ ያንን ሁሉ ዓመት ያዘጋጀሁትን አንዲት ቃል አላወጣሁም። 

ንዴቴ አልወጣልኝም። ይቅር አልኩ ብልህ ውሸት ነው፤ ያ ጨዋታ የእኔ ነበር፣ መንገዱም የእኔ ነበር። ግን ያቺ ሕፃን እናቷን ታቅፋ ወለል ላይ እየወደቀች ታድግ ልበል? ይህን ማለት አልቻልኩም። እኔው ልናደድ።