ሰይቼንቶዋ ስትጠማ

በአቶ አጥናፉ ቤት አንድ ዕቃ ከቦታው ከታጣ የሚፈለገው መኪናዋ ውስጥ ነበር። ባለ መስታወቱ ቡፌ ተሽጦ ፍሪሲዮን ሆኗል። ወይዘሮ አይናዲስ በዳንቴል ሸፍነው ያኖሩት ትልቁ ራዲዮ አንድ ክረምት ላይ ባትሪና ጎማ ሆኖ ወጣ፤ ዳንቴሉ ብቻ ተጣጥፎ ቀረ። ጎረቤታቸው የሺዓለም ባዶውን ግድግዳ ባየች ቁጥር ሳትናገር አታልፍም።

«አይናዲስ፣ ባልሽን ራሱን ጠብቂው። አንድ ቀን ድምፅ ማፈኛ ማርሚታ ሆኖ እንዳይቀርብሽ።»

«ማርሚታስ ይሆናል፤ ድሮም ድምፁ አይሰማ» ይላሉ ወይዘሮ አይናዲስ። ይስቃሉ። አቶ አጥናፉም አብረው ፈገግ ይሉና ጣታቸው ላይ የቀረውን ግራሶ በጨርቅ ይጠርጋሉ።

መኪናዋ ሰይቼንቶ ናት፤ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀባች ትንሽ ታክሲ። ከእሳቸው በፊት ስንት እጅ እንዳለፈች በትክክል የሚያውቅ የለም። የቀኝ በሯ ከውስጥ አይከፈትም፤ ተሳፋሪ መውረድ ሲፈልግ አቶ አጥናፉ ወርደው፣ ዞረው፣ ከውጭ ይከፍቱለታል። ከአትክልት ተራ ሽንኩርት ጭነው የሚመጡ ሴቶች «እንደ ሚኒስትር ነው የሚያወርዱን» እያሉ ይመርቋቸው ነበር።

ፊት አቶ አጥናፉ ፒያሳ አንድ ጨርቅ መደብር ውስጥ ከባንኮኒው ኋላ ቆመው ጨርቅ ለክተው የሚቆርጡ ሰው ነበሩ። አብዮቱ ሲመጣ ባለ ሱቁ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሄደ። ሲሄድ ለብዙ ዘመን አገልግሎታቸው የሰጣቸውን ይዘው ይህችን መኪና ገዙ። ከሱቁ ሌላ የቀራቸው ጨርቅ የሚለኩበት የእንጨት ሜትር ነው። እሱንም ሥራ አላሳጡትም፤ ሞተሯ እንዲተነፍስ የኋላውን ኮፈን ከፍተው የሚደግፉት በእሱ ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው ሌላ ሥራ የሚሰጣቸው የለም። መኪናዋ ከቆመች እሳቸውም ቆሙ ማለት ነው።

ዕቃ ከውጭ መግባቱ ከቀነሰ፣ ቤንዚኑም በኩፖን ከሆነ ወዲህ ደግሞ አንዱ ሲጠገን ሌላው ይከተላል። በዚያ ዓመት መስቀል ሰሞን ጓርኒሲዮን ተቃጠለ፤ በሞተሩና ክዳኑ በሆነው ቴስታ መሀል የሚገባው ስስ ነገር ነው። በቤቱ የሚሸጥ ነገር ስላልነበረ ወይዘሮ አይናዲስ እናታቸው ለሠርጋቸው ያሰሩላቸውን የወርቅ መስቀል ይዘው ብቻቸውን ወርቅ ቤት ሄዱ። ሲመለሱ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ነበር። አንገታቸው ላይ ጥቁሩ ማተብ ብቻ ቀርቷል። አቶ አጥናፉ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ያን ጊዜ መካኒኩ መድኃኔ ጓርኒሲዮኑን ገጥሞ ሲጨርስ እጁን በቤንዚን እየታጠበ እንዲህ አላቸው፤

«ጋሽ አጥናፉ፣ ይህቺ የመጨረሻዋ ናት። ከእንግዲህ ቴስታው አንድ ነገር ከሆነ እንኳን እኔ የሠራት ፋብሪካም አያድናት። አደራ፣ ስትግል አያስጨንቋት፤ ይተዋት ትረፍ።»

አቶ አጥናፉም አደራውን ጠበቁ። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ላይ ያለውን ዳገት ሲወጡ መሀል ላይ ቆመው ያሳርፏታል። ተሳፋሪ ቢያጉረመርምም አይነሱም።

ኅዳር ጊዮርጊስ ዕለት ወይዘሮ አይናዲስ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ጸበል በትንሿ ቢጫ ጀሪካን ይዘው መጡ። ከአልጋው ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጡት። ያ ቦታ ከቤቱ ሁሉ ይቀዘቅዛል። ከሰዓት በኋላ አቶ አጥናፉ ዳገቱን ከነጭነታቸው ወጥተው ሠራተኛ ሰፈር ደጃቸው ሲደርሱ ከኋላ እንፋሎቱ እንደ ድስት ይንፎለፎላል። ኮፈኑን ከፍተው በሜትሩ ደገፉ። በጨርቅ ይዘው የራዲያተሩን ክዳን ቀስ ብለው ፈታ አደረጉት፤ እንፋሎቱ ፉጨቱን ጨርሶ ሲወጣ ክዳኑን አነሱት። ከዚያ እጃቸውን ሊታጠቡ ገቡ።

«ምነው ዛሬ በጊዜ?» አሉ ወይዘሮ አይናዲስ።

«ጠምቷታል» አሉ አቶ አጥናፉ። ሹፌሮች ውሃ ሲያንሳት እንዲያ ነው የሚሉት። ፎጣውን ፊታቸው ላይ እንዳደረጉ «ትንሽ ትረፍ» ብለው ጨመሩበት።

ወይዘሮ አይናዲስ ግን ሁለተኛውን አልሰሙም። ለደጃቸው ለማኝ እንኳ ውሃ አስቀድመው ነው የሚሰጡት። መስቀላቸውን የበላች መኪና በጊዮርጊስ ቀን ተጠምታ ደጃቸው ቆማለች። ጀሪካኗን ከአልጋው ሥር ስበው ወጡ።

አቶ አጥናፉ ድምፁን የሰሙት ፎጣውን ሲሰቅሉ ነው። ትልቅ ድምፅ አልነበረም። የፈላ ሻይ ሲቀዱበት ብርጭቆ እንደሚለው፣ ጧ። ሮጠው ሲወጡ ባለቤታቸው ባዶ ጀሪካን ይዘው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ቆመዋል።

«በስመ አብ ብዬ አጠጣኋት» አሉ ፊታቸው በርቶ። «እንዴት ያለ ጥም ነው እቴ፤ ሁሉንም ጨረሰችው።»

አቶ አጥናፉ አፋቸውን ከፈቱ። ማተቡ ብቻ የቀረበትን አንገት አዩና መልሰው ዘጉት።

በማግስቱ ታክሲ ነጂ ጓደኞቻቸው መኪናዋን እየገፉ ቁልቁል ወደ መድኃኔ ጋራዥ አወረዷት። ወይዘሮ አይናዲስም ምሳ ቋጥረው ተከተሉ። መድኃኔ ዘይቱን ሲያወርደው ውሃ ተቀላቅሎት ወተት የገባበት ሻይ መስሎ ወረደ። ቴስታውን ፈትቶ በጨርቅ ወለወለውና ጥፍሩን ላዩ ላይ ጎተተ፤ እንደ ጸጉር የቀጠነ መስመር ላይ ሲደርስ ጥፍሩ ያዘ።

«የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የጨመረው ማነው?»

«ኧረ ማንም ውሃ አልጨመረባትም፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ አይናዲስ ቀድመው። «እኔ እዚያው ነበርኩ። ከጸበሉ በቀር ምንም አልቀመሰች።»

መድኃኔ ቀና ብሎ አያቸው። ቀጥሎ አቶ አጥናፉን አየ።

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ አጥናፉ። «እሷ ወደ ቤት ገባ ስትል፣ ከቧንቧ ቀድቼ... ቸኩዬ ነው።»

«እርስዎ ነዎት?» አለ መድኃኔ። «አንድ ተሳፋሪ ዳገቱ ላይ ቆመው ምሳ በልተው ይነሳሉ ብሎ አምቶዎት የለም እንዴ? እርስዎ ነዎት የቸኮሉት?» የገዛ ማተቡን በግራሶ እጁ ነካ አደረገና ወደ ቴስታው አቀረቀረ።

«አንተ ሰው» አሉ ወይዘሮ አይናዲስ ባላቸውን። «አደራ ተብለህ የለም ወይ? ጸበሉ ባይደርስላት እኮ ትፈነዳ ነበር።»

«ልክ ነሽ» አሉ አቶ አጥናፉ።

«ሌላ ቴስታ አይገኝም ወይ?» አሉ ወይዘሮ አይናዲስ ወደ መድኃኔ ዞረው።

«አስመራ ላሉት ዘመዶቼ ላኩልኝ ካልኩ ሰንብቻለሁ፣ እትዬ። መንገዱ በወታደር ታጅቦ በኮንቮይ ነው፤ የሚመጣልኝ ሰላምታ ብቻ ሆነ። ይህንን ብበይደውም ድልድዩን ሳትሻገሩ ይከፈታል።»

ዳገቱን በእግር ሲመለሱ ወይዘሮ አይናዲስ ብዙ ከተጓዙ በኋላ «አልጋው አለ» አሉ። «መሬት ላይ መተኛት ለወገብ ደግ ነው ይላሉ።»

«ቢሸጥም የሚገዛ ቴስታ የለም እኮ፣ አይኔ።»

«ይሁና። ብቻ አንተ በሠራኸው አትሸማቀቅ። ሰው ይሳሳታል።»

«እሺ» አሉ አቶ አጥናፉ።

መድኃኔ የተሰነጠቀውን ቴስታ ቦታውን እንዲይዝ መልሶ ገጠመው፤ ጋራዡ ጠባብ ስለሆነም መኪናዋ በሌላ ታክሲ ተጎትታ ደጃቸው ቆመች። አቶ አጥናፉ ጠዋት ጠዋት ይነሱና መስታወቷን ይወለውላሉ። ከዚያ የሚያደርጉት ስለሌለ በርጩማ አውጥተው አጠገቧ ይቀመጣሉ። የሺዓለም ስታልፍ አሁን አትቀልድም፤ «እንደምን አደሩ» ብላ ብቻ ታልፋለች። በፊት አንተ ነበር የምትላቸው።

የታኅሣሥ ጊዮርጊስ ዕለት ወይዘሮ አይናዲስ ጀሪካኗን ይዘው ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ።

«ክፈትላት እስቲ» አሉ። «ምናልባት ይማራት።»

አቶ አጥናፉ ከበርጩማቸው ተነሡ። ኮፈኑን አንሥተው በሜትሩ ደገፉት፤ ክዳኑንም ፈቱላቸው። ወይዘሮ አይናዲስ በስመ አብ ብለው ቀስ እያደረጉ ያንቆረቁሩ ጀመር። ጸበሉ በላይ ሲገባ በታች በስንጥቁ እየሾለከ በድንጋዮቹ መሀል ወደ ቦዩ መውረድ ያዘ። አቶ አጥናፉ ፈንጠር ብለው ውሃው በሚወርድበት በኩል፣ በባለቤታቸውና በቦዩ መሀል ቆሙ።

«ዛሬም ጠምቷት ነው የቆየችው» አሉ ወይዘሮ አይናዲስ።

«አዎ» አሉ አቶ አጥናፉ። ጸበሉ በጫማቸው ስፌት ገብቶ ካልሲያቸውን እስኪያርሰው ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሱም።