«አንድም ቀን አልፈራሁም»

ከቢቸና በወጣሁበት ዋዜማ ቤቱ በሸኚ ተጨናንቆ ነበር። ሳንባዬን ካመመኝ ዓመታት አልፈዋልና፣ ታላቅ እህቴ እታለም ከሞጣ መጥታ፣ ብርድ እንዳይመታኝ መስኮቱን ሁሉ ዘጋጋችው። ትንፋሼ ሲያጥር ልቤ ይደነግጣል፤ ልቤ ሲደነግጥ ትንፋሼ ይብስበታል። ይህ ለማን ይነገራል? ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ላብ ሲያጠምቀኝ «የጉዞው ደስታ ነው» ብዬ ሳቅሁ።

ጀርመን አገር፣ ልጄ ሰላም ዘንድ ስደርስ ሁሉም ነገር ገረመኝ። አከራይዋ ሴትዮ በረዶ እየጣለ «መስኮት ክፈቱ» ብላ ትቆጣለች። እኛ ዘንድ በጠራራ ፀሐይ እንኳ የአውቶቡስ መስኮት የከፈተ ሰው ሲሰደብ ይውላል። ጤፉ የአገሬን የእነማይን ጤፍ ባይሆንም አየሩን ወደድሁት። ብቻ ሰላም ሥራ ወጥታ ብቻዬን ስቀር ያ የትንፋሽ ነገር ይመጣብኛል። ሁለት ጊዜ አምቡላንስ ተጠራልኝ።

ሰላም የሳንባ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ትንፋሽ ሲያጥረው ለሚደናገጥ ሰው የሚሰጥ ሥልጠና አለ አለችና ቅጽ ሰጠችን። ሰላም እየተረጎመች አነበበችልኝ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ቀን ፈሩ? አንድም ቀን። ስንት ቀን ተጨነቁ? አንድም ቀን። የጎጃም ሰው ልጁ ፊት ፈራሁ ይላል እንዴ?

ሐኪሟ ቅጹን አየችና፣ «በዚህ ከሆነ ከእኔ ይልቅ ጤነኛው እርስዎ ነዎት» ብላ አሰናበተችን። ኮሪደሩን ሳንጨርስ ያ ነገር ደረሰብኝ፤ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ሐኪሟ ከክፍሏ ወጥታ ወደ እኛ መጣች።

«አባዬ፣ ምን ልበላት?» አለች ሰላም።

«እፈራለሁ በያት። በየቀኑ።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴው ደነገጥሁ፤ ወዲያው ግን ሳቅ ሳቅ የሚያሰኝ ደስታ ያዘኝ። ሐኪሟ ለሥልጠናው መዘገበችኝ። ትምህርቱ ቀላል ነው፦ በአፍንጫ መሳብ፣ ከንፈርን አሹሎ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው በቀስታ ማስወጣት። ከወር በኋላ አራት ፎቅ አንድ ጊዜ ብቻ አርፌ ወጣሁ።

በዚያው ደስታ ሞጣ ደወልሁ። እታለም እንደ ልማዷ ደህና መሆኔን ጠየቀች። ደህና ነኝ፣ ግን ስፈራ ነው የኖርሁት አልኋት።

«እኔም» አለች። «ሳንባ ነው ካሉኝ ሁለት ዓመቴ። ሲያፍነኝ ሰው እንዳያየኝ ጓዳ ገብቼ ነው የምቀመጥ።»

«አጠገብሽ ማን አለ ታዲያ?»

«አሁንማ አንተ አለህ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ አተነፋፈሱን ነገርኋትና ከንፈሬን አሾልሁ፤ እሷም ከሞጣ ተከተለችኝ። አብረን ሳብን፣ አብረን አስወጣን። ትንፋሿ ከእኔ ያጠረ ነበር።