ከቬንትሌተሩ ሥር

ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ የመተማ ሙቀት የሚበረታበት ሰዓት። ከአብርሃ ጅራ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ የሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽናቸውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ለሁለተኛ ጊዜ ይዘው ወደ ጥገና ሱቃችን ገቡ።

«እርሻው ላይ ጠዋት ይሠራል፤ ቀትር ሲሆን ቀጥ ይላል» አሉ። እኛ ጠረጴዛ ላይ ግን አሁንም ይሠራ ነበር።

«ጋኔን ካለበት ጠበል ይርጩበት እንጂ፣ ጋሼ!» አለ የጥገና ሱቁ ባለቤት።

ዲግሪዬን ይዤ ስቀጠር «ብልሽት ራስሽ ያገኘሽ ቀን የራስሽ ጠረጴዛ ይኖርሻል» ብሎኝ ነበር። እስከዚያው ብሎን እፈታለሁ፣ ቤት እጠርጋለሁ።

በእኛ አገር እንግዳ ሲገባ ቬንትሌተር ይዞርለታል። ነፋሱ ቦርዱንም እያቀዘቀዘው መሆኑን ያሰበ አልነበረም።

«ቬንትሌተሩ ቢጠፋ...» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ኢንጂነሯ በላብ ልትጨርሰን ነው!» አለ ባለቤቱ፤ ከሽማግሌው ጋር ተሳሳቁ።

ቦርዱን ከነኤሌክትሪክ ገመዱ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አኖርኩት። ብዙም ሳይቆይ ቆመ። ጥጥ በአልኮል እያራስኩ ዕቃዎቹን በየተራ ሳቀዘቅዝ፣ አንዲት ትንሽ ትራንዚስተር ስነካ መልሶ ተነሣ፤ ሲሞቅ ሥራ የምታቆመው እሷ ነበረች። ባለቤቱን ጠርቼ አሳየሁት።

እሱም ትራንዚስተሯን ቀይሮ፣ ቦርዱን ለሽማግሌው ሰጣቸው። «ይኸው፣ ለፍቼ አገኘሁልዎ።»

«እጅህ ይባረክ፣ ልጄ። ልጅቱንም አስተምራት።»

«እየሞከርኩ ነው» አለ፣ እኔን ሳያይ። ከዚያ መጥረጊያውን አመለከተኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቀድሜው ሱቁን ከፈትኩ። ስቀጠር ከቤት ያመጣሁትን የመበየጃ ካውያ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ቬንትሌተሩን ወደ እሱ ጠረጴዛ አዙሬ አበራሁለትና ቁልፉን በሩ ላይ ትቼ ወጣሁ።