ወደፊት እየሄደ ወደ ኋላ የሚጮኸው መኪና

የወንድሜ የጭነት መኪና የቀጨኔን ዳገት ሲወጣ ወደ ኋላ እየሄድኩ ነው ብሎ ይጮህ ነበር። የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚጮኸው ደወል አለ አይደል፣ እሱ ነው። መኪናው ወደፊት ይወጣል፣ ደወሉ ግን «ወደ ኋላ ነኝ፣ ዞር በሉ» ይላል። ከኋላ ያሉት ሚኒባሶች ሊመጣብን ነው ብለው ጥሩምባቸውን ያንባርቃሉ። ወንድሜ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ውሸቱን ነው! ውሸቱን ነው!» እያለ ይምላል። ሰፈሩ ሁለት ወር ሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ የወንድሜ መኪና በአደባባይ ሲዋሽ የሚታማው የእኔ ስም ነው።

ነገሩ በደወሉ ቢያበቃ ደግ ነበር። ማርሹም አብሮ ያምፃል። እንዲህ ያለ መኪና በማርሹ እጀታ ላይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለችው፤ እሷን ሲጫኗት ከዝቅተኞቹ ማርሾች ወደ ከፍተኞቹ ታሻግራለች። የወንድሜ ቁልፍ ደስ ሲላት ታሻግራለች፣ ሲከፋት ደግሞ እምቢ ትላለች። እምቢ ባለች ቀን ያ ሁሉ መኪና አስፋልት ላይ ከአህያ ጋር እኩል ይሄዳል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራትም ሁሉ ይበራል።

የምሠራው ሸጎሌ፣ መንገድ ዳር ባለ ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚያው ካምቢዮ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ማርሾቹ ሁሉ የሚኖሩበትን የብረት ሣጥን ሲፈቱና ሲገጥሙ ነው ፀጉራቸው የሸበተው። በመካከላችን ያልተጻፈ ሕግ አለ፦ ሽቦ የእኔ፣ ብረት የእሳቸው። መኪና ሲገባ መጀመሪያ እንካሰሳለን፣ ከዚያ በኋላ እንመረምራለን። እሳቸው ገና ኮፈኑ ሳይነሣ «ኤሌክትሪክ ነው» ይላሉ፤ እኔም ገና ቴስተሬን ሳላወጣ «ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ነው» እላለሁ። ብንሳሳትም ሁለታችንም እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አናምንም።

የወንድሜ መኪና እየጮኸ ጋራዥ የገባ ዕለት ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጥተው ትንሽ አዳመጡት።

«ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «የአንቺ ነው።»

«ማርሹስ? ማርሹን እኔ ነኝ ያሳመፅኩት?»

በዚህ ተናደው ካምቢዮውን አወረዱ። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። አንድ በአንድ አጥበው ጨርቅ ላይ ደረደሩትና ጠሩኝ። «ይኸው፣ ጥርሱ ሙሉ ነው። ከእኔ ጥርስ ይሻላል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ተራው የእኔ ሆነ። ፊውዝ ቀየርኩ፣ ደወሉን የሚያዝዘውን ማብሪያ ቀየርኩ፣ ከኋላ መብራት ጀምሬ እስከ ባትሪው ድረስ ሽቦውን በጣቴ ዳሰስኩት። መኪናው ጸጥ አለ። ማርሹም እንደ ቅቤ ገባ። በአምስተኛው ቀን ወንድሜ እያፏጨ ይዞት ሄደ። በማግሥቱ ጠዋት ደወለልኝና ስልኩን ወደ መኪናው አስጠጋው፤ የቀረውን ደወሉ ራሱ ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ያየነው ነገር ነው ራሴን ያዞረኝ። ጋራዥ ሲያድር ጤነኛ ነው። ሲሚንቶ ጭኖ ቆላ ሲወርድ፣ በግ ጭኖ ሲመለስ፣ ሳምንት ሙሉ ምንም አይለውም። ቀጨኔ ቤቱ መጥቶ ባደረ ማግሥት ግን ይታመማል። ሰው ቆላ ወርዶ ወባ ይዞ ይመለሳል፤ የወንድሜ መኪና ቆላ ወርዶ ይድንና ደጋ መጥቶ ይወድቃል። ሽማግሌው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው ተስፋ ቆረጡበት። ወንድሜ ደግሞ «የሰፈር ዓይን ነው፤ ቀንተውብኝ ነው» አለ። እኔ የተማርኩ ነኝ ባይ ነኝና በዓይን አላምንም፤ ስለዚህ በጎቹን ከሰስኩ። ሽንታቸው በወለሉ ስንጥቅ እየወረደ ሽቦውን በልቶታል ብዬ በልበ ሙሉነት አወጅኩ። ግማሽ ቀን መኪናው ሥር ተኝቼ በሳሙና አጠብኩት። አንድም የተበላ ሽቦ አላገኘሁም። ጠረኑ ግን ሳምንት ሙሉ ከእኔ አልተለየም፤ ሚኒባስ ውስጥ ሰው ቦታ ይለቅልኝ ነበር።

ወንድሜ በመጨረሻ ሰለቸው። ጭነት የሚሰጡት ሰዎች መደወል አቆሙ፤ የሚጮኽ መኪና ማን ይፈልጋል። አንድ ሐሙስ ጋራዥ መጥቶ ጎማ ላይ ተቀመጠና «ቅዳሜ ጠዋት ደላላ ይመጣል። እሸጠዋለሁ» አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት የሰው መኪና ነድቶ ነው ይህን የራሱ ያደረገው። ከሸጠው ተመልሶ የሰው መኪና ላይ መውጣቱ ነው፣ በአርባ ዓመቱ «ለምን ዘገየህ» እየተባለ። ተናደድኩ፤ በእሱ ሳይሆን በራሴ፣ በቴስተሬና በዚያች ግትር ቁልፍ።

እናታችን ግን አልተናደደችም። እናታችን ስለ መኪና የምታውቀው በር መዝጋት ብቻ ነው፤ እሱንም መስተዋቱ እስኪንቀጠቀጥ ነው የምትዘጋው። መኪናው በታመመ ቁጥር «አይዞህ ልጄ፣ እኔ አለሁለት» ትለዋለች። የጸሎት ነገር መስሎኝ አለፍኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ደላላውን ሊያመጣ ወደ ሸጎሌ ሲወርድ እኔ ቴስተሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ። የእኛ መንደር መንገድ ጠባብ ስለሆነ መኪናው የሚያድረው ከላይ አስፋልቱ ዳር ነው። ጋቢና ገባሁ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ማርሹ ምንም ላይ ሳይገባ ደወሉ ጩኸቱን ለቀቀው። መሪውን ይዤ እየተራገምኩ ሳለ ዓይኔ የማርሹ ዘንግ ላይ አረፈ፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለት ወር ሙሉ ሁሉን ነገር ስንፈታ ዘንጉን የነካው ሰው የለም። ዘንጉ ብረት ነው፣ ስለዚህ የሽማግሌው ነው ብዬ ተውኩት። በውስጡ ከቁልፏ የሚወርድ ሽቦ አለ፣ ስለዚህ የልጅቷ ነው ብለው እሳቸው ተዉት። በሽታው በሁለታችን ድንበር ላይ ተኝቶ ይስቅብን ነበር።

ዘንጉ ወለሉን የሚበሳበት ቦታ ላይ ያለውን የጎማ ሽፋን ገለጥኩ። ከሥሩ ሽቦዎቹ ሁሉ የሚገናኙበት መሰኪያ አለ፤ የቁልፏም፣ የደወሉም፣ የመብራቶቹም። መሰኪያው ግራጫ ውኃ ውስጥ ተዘፍቋል። ጊዜው በጋ ነው፤ ዝናብ ካየን ወራት አልፎናል። ጣቴን ነክሬ ላስኩት። ሻይ አይደለም፣ ስኳር የለውም። ዘይትም አይደለም። በግም አይደለም፤ ይሄንን ያሰብኩት ግን ከላስኩ በኋላ ነው። አመድ አመድ ይላል።

«ምን እየላስሽ ነው?»

እናቴ ናት። በአንድ እጇ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በሌላው እጇ የተጠቀለለች ወረቀት ይዛ የጋቢናው በር ሥር ቆማለች።

«የመኪናውን በሽታ» አልኳት።

ተንጠራርታ አየችው። «በስመ አብ! ምን በሽታ ነው እሱ፣ እምነት ነው እንጂ!»

ከቤተ ክርስቲያን የምታመጣው እምነት ነው፤ ያ የተባረከው አመድ። ወንድሜ ቤት ባደረ ቁጥር ማታ ትወጣና በጠበል ለውሳ የማርሹ እጀታ ላይ በመስቀል ምልክት ትቀባዋለች፤ ከላይ ደግሞ ጠበሉን ታፈስበታለች። እሱም በዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል።

«ይሄ ከታመመ ወዲህማ ጨምሬለታለሁ» አለችኝ፣ በኩራት።

አመድና ውኃ አንድ ላይ ሲሆኑ መብራት ያሳልፋሉ። የቁልፏ ትእዛዝ ወደ ደወሉ ይሄዳል፣ የደወሉ ወደ መብራቶቹ። ቆላ ሲወርድ በሙቀቱ ይደርቃል፣ ጋራዥ ሲያድር ይደርቃል፣ ቤቱ ሲመጣ ደግሞ ይጠመቃል። መኪናው ሲብስበት እናቴ ትጨምራለች፣ እናቴ ስትጨምር መኪናው ይብስበታል። ሳቄ መጣ፤ ግን ዋጥኩት። እናቴ እንደዚያ ደስ ብሏት ቆማ፣ «ያበላሸሽው አንቺ ነሽ» የሚል ምላስ ከየት ይምጣ?

«ዛሬ አትጨምሪበት። መጀመሪያ ላድርቀው» ብቻ አልኳት።

መሰኪያውን ነቅዬ በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁት፣ በብሩሽ ፈተግሁት፣ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ላስቲክ ቆርጬ ጠቀለልኩት። ቁልፉን አዞርኩ። ጸጥ። ያቺን ትንሽ ቁልፍ ስጫናት ማርሹን የሚያሻግረው አየር ከታች «ጭስስ» ብሎ መለሰልኝ። ለሽማግሌው ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አገኘሁት። ብረቱ ውስጥ ነው።»

«ሽቦ ነው?»

«ብረት ውስጥ ያለ ሽቦ ነው።»

«ሽቦ ሽቦ ነው» አሉና ዘጉት። እንደዚያ በደስታ ስልክ ሲዘጉ ሰምቼ አላውቅም።

ወንድሜና ደላላው መጡ። ደላላው መፋቂያ አፉ ውስጥ የሰካ ወፍራም ሰው ነው። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በጫማው ነካ ነካ እያደረገ መኪናውን መዞር ጀመረ።

«ሠርቷል» አልኩት ወንድሜን።

«ስንቴ ሠርቷል አልሽኝ? ምን ሆኖ እንደነበር ንገሪኝ፤ ካሳመንሽኝ አልሸጥም።»

«ውኃ ገብቶበት ነው።»

«ከየት? ዝናብ የለ።»

እናቴን አየሁ። ጠርሙሱን ደረቷ ላይ አቅፋ ፊቴን ታያለች። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። «እ... በጎቹ ናቸው።»

ደላላው መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «በጎቹ ጋቢና ነው እንዴ የሚሳፈሩት?»

ወንድሜ አልሳቀም። እጁን በመስኮት አግብቶ ቁልፉን ነቀለና «በቃ፣ እንጨርስ» ብሎ ወደ ደላላው ዘረጋው። እናቴ በዚያች ቅጽበት ግራጫ የሆኑትን ጣቶቼን አየች፣ ከዚያ በጎማ የተጠቀለለውን መሰኪያ፣ ከዚያ የያዘችውን ጠርሙስ። እናቴ መኪና አታውቅም እንጂ ሞኝ አይደለችም።

«ቁልፉን መልስ። እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑን ነው አንቺ?»

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጠበሉ ነው። እምነቱ ነው። እየቀባሁት ነው።»

ወንድሜ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ። «እማዬ፣ መኪና ይጠመቃል እንዴ? መኪናውን ምን አድርጊ ብዬሽ?»

«መኪናው ምን ያደርግልኛል!» አለችው። «ሌሊት በአሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተህ ትወጣለህ። ልርጭህ ስልህ ‹ልብሴን አበሰበስሽው› ትለኛለህ። ግንባርህን ልቀባህ ስልህ ‹ሰው ያየኛል› ትለኛለህ። ታዲያ ምን ላድርግ? አንተ እምቢ ስትለኝ እጅህ የሚያርፍበትን ፈልጌ ቀባሁ።»

ሚኒባስ አለፈ። ደላላው መፋቂያውን ኪሱ ከተተ። ወንድሜ የዘረጋውን ቁልፍ ቀስ ብሎ መልሶ ያዘውና ኪሱ ውስጥ ጨመረው። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ፤ እናቴ አጭር ስለሆነች ጉልበቱን አጥፎ በዚያ ሁሉ አላፊ አግዳሚ ፊት አንገቱን ደፋላት። እናቴ በወረቀቷ ውስጥ የቀረውን ግንባሩ ላይ ቀባችው፣ ጠበሉንም አፈሰሰችበት፤ ሸሚዙ ከላይ እስከ ታች በሰበሰ።

ደላላው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እማማ፣ ባዶ እጄን ከምመለስ ለእኔም ጣል ያርጉብኝ።»

ለእሱም ረጨችለት። ጠርሙሱ ሥር ትንሽ ቀረ። ወደ እኔ ዞረች፣ እጇን አነሣችና መልሳ አወረደችው። አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ቴስተር እያየች አመነታች። እኔም ጋራዥ ከገባሁ ጀምሮ ማታ በዘይት ተለውሼ መጥቼ «ነገ፣ እማዬ፣ ነገ» እያልኩ ነው የኖርኩት።

«አንቺስ?» አለችኝ፣ ፈራ ተባ እያለች። «ልርጭሽ? ወይስ አንቺም ትበላሺያለሽ?»

«ብበላሽም ራሴ እሠራዋለሁ» አልኳትና ሻሼን ፈትቼ ጎንበስ አልኩላት።