የግራ መስመር ሣር

ባሌ ኳስ አይችልም ነበር። ከጀርባው አላማሁትም፤ ፊት ለፊቱም እለው ነበር። መርሳ ከተማ ላይ ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሚጫወቱበት የጤና ቡድን አለ፤ እሱ የግራ ተከላካይ ነው። ጓደኞቹ እንደሚሉት ሆዱ ቀድሞት ይሮጣል፣ ኳሱ ያልፈዋል፣ ከዚያ ዞሮ ሌላውን ሰው ይቆጣል። «ምናለ ትራስህን ይዘህ እዚያው ሜዳው ላይ ብታድር!» ስለው፣ «አንቺም ከመጣሽ ምን ከፋኝ» እያለ ይስቅብኛል። እኔ ግን አንድ ቀን ሄጄ አይቼው አላውቅም። ሱቄን ማን ይጠብቅልኛል?

ኳሱን አይቻል እንጂ ቤቱን ይችልበት ነበር። የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ከሐራና ከግራና ገበያ እህል ይጭናል። ሌላው ሹፌር መንገድ ላይ ሲያድር እሱ ሳይመሽ ቤቱ ይገባል። ልጃችን ጡት ሳትጥል እኔ ታምሜ የተኛሁ ሰሞን፣ እሷን አዝሎ ሜዳ ሄደ። ወንድ ልጅ፣ በመርሳ አስፋልት፣ ሕፃን አዝሎ! ከጎሉ ኋላ ጋቢ አንጥፎ አስቀመጣት። በረኛው አንድ ዓይኑን እሷ ላይ፣ አንድ ዓይኑን ኳሱ ላይ አድርጎ ሲጫወት ውሎ ስንት ጎል እንደገባበት ዛሬም ያነሳዋል። ካደገችም በኋላ ፀጉሯን የሚያበጥርላት እሱ ነበር። መሃል ለመሃል የሚከፍልላት መስመር ሁልጊዜ ጠማማ ነው፤ እሷ ግን እኔን አታስነካኝም።

በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ፣ መንገዱ ሊዘጋ ነው ሲባል፣ እኔንና ልጃችንን ወስዶ ግራና ከተማ እህቱ ቤት አስቀመጠን። «እናቴን ከጉባ ላፍቶ ላምጣና ነገ አብረን ነን» ብሎ ሄደ። በዚያው ቀረ። መንገዱ ሲከፈት መኪናው ሐራ አጠገብ ከአስፋልት ወረድ ብሎ ቆሞ ተገኘ፤ በሩ ክፍት፣ ውስጡ ባዶ። እናቱ ያሉት ደጋ ነው፣ ሐራ ደግሞ ቆላ፤ ወደዚያ ምን እንደወሰደው እስከ ዛሬ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ወልዲያ ውስጥ ያላንኳኳሁት በር የለም። አንዱ ታስሮ አይቼዋለሁ ይለኛል፣ ሌላው በዚህ በኩል አልፏል ይለኛል። ተስፋ እንደ ውሃ ነው፤ እያሳሳቀ ይወስዳል።

ሬሳውን ሳላይ ድንኳን አልጥልም አልኩ። ዘመድ ተቆጣ፣ ጎረቤት ከኋላዬ አማኝ፤ ልጄ ብቻ ከኔ ጋር ቆመች።

እሱ እሑድ ጧት የኳስ ጫማውን ከጓሮው ግድግዳ ጋር እያጋጨ ጭቃውን ያራግፍ ነበር። እሱ ከጠፋ በኋላም ያ ድምፅ አልቀረም። አንድ እሑድ ጎህ ሲቀድ ሰማሁትና በባዶ እግሬ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ልጄ ቀድማኝ ወጥታ ግድግዳውን እያየች ቆማለች። ማንም የለም። እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አልነገርኳት፤ ግን ሁለታችንም አንድ ነገር መስማታችንን አወቅን። ፈራሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ድምፁ ሐሳቤ የፈጠረው ነው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

ከጊዜ በኋላ አንድ ቅዳሜ የቡድኑ አምበል ከበረኛው ጋር ሱቄ መጡ። አምበሉ ሰው ሁሉ አንቱ የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። ወንበር ብሰጣቸው አልቀመጥም አሉ።

«እህቴ፣ እሱ ከጠፋ ጀምሮ እኛ በአሥር ሰው ነው የምንጫወት» አሉኝ።

«ኧረ በማርያም! ማን አስገደዳችሁ?»

«ማንም። ቦታው የሱ ነው ብለን ነው። አሁን ግን ጉልበታችን አለቀ። ነገም የሲሪንቃ ቡድን ይመጣብናል። ሰው እናስገባ ወይ ብለን አንቺን ልንጠይቅ ነው።»

በረኛው መሬት መሬት ያያል። ነገሩ የኳስ እንዳልሆነ ገባኝ። አስገቡ ካልኩ ሞቷል ማለቴ ነው። «ነገ መጥቼ ልየውና እነግርዎታለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው። ልጄ ከመደርደሪያው ኋላ ሆና ስትሰማ ኖሯል። «እንዳትሄጂ» አለችኝ። «ከሄድሽ እሺ ትያቸዋለሽ።»

ሄድኩ። ሜዳው የተራቆተ አፈር ነው፤ በእሱ በኩል ብቻ፣ ከጎሉ በስተግራ፣ ሣር እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ በቅሏል። የሲሪንቃ ሰዎች እንኳ ወሬውን ሰምተዋል መሰለኝ በዚያ በኩል አያጠቁም። ኳሱ ሣሩ ውስጥ ሲገባ አንዱ በእጁ አንስቶ ይመልሰዋል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ከእረፍት በኋላ ጎል ሲቀያየሩ ደግሞ ወዲያ ማዶም በግራ በኩል እንዲሁ ሣር አየሁ። እዚያ ቆሜ ሳየው፣ የሰው እግር ከረገጠው የቆየ መሬት መሆኑን ዓይኔ ነገረኝ። ስንት በር አንኳኩቼ ያላገኘሁት መልስ እዚያ በቅሎ ቆየኝ። 

አምበሉን ጠራኋቸውና «ሰው አስገቡ» አልኳቸው።

ቀስ ብዬ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። በረኛው ጓንቱን አውልቆ ጣለና «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ሣሩ ውስጥ ገባ። ሌሎቹም ተከተሉት። የሲሪንቃዎቹም ሳይቀሩ፣ ያን ሁሉ ሽበታም ሰው ቁምጣ እንደለበሰ ደረቱን ሲደቃ አየሁ። ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ።

ቤት ስደርስ ልጄ ነጠላዬን አይታ ከበሩ አላሳልፍም አለችኝ።

«ማን አየው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ማን ነገረሽ?»

ሣሩን ልነግራት ነበር፤ ጎንበስ ብዬ በክንዷ ሥር አልፌ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን የነፍስ አባታችን አርባውን ለመቁጠር ያረፈበትን ቀን ጠየቁኝ። ቀን የለኝም። ብዙ አሰብኩና ሰው አስገቡ ያልኩበትን እሑድ ነገርኳቸው። «እሺ፣ ከዚያው እንቆጥራለን» አሉ።

ልጄ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። «እስከ እሑድ ድረስ በሕይወት ነበራ» አለች። «እንግዲያ የገደልሽው አንቺ ነሽ።»

አባ ሊቆጧት ከመቀመጫቸው ሲነሱ ክንዳቸውን ያዝኩ። «ይተዉአት አባቴ» አልኳቸው። «እኔም እንደዚያው ነው የሚሰማኝ።»