የተቆረጠመው ድምፅ

ባለፈው ወር አንድ ቀን ጠዋት... ሁለት ጣሳና አንድ ፌስታል ሽምብራ ይዤ ከመካነ ሰላም የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወደሚርቅ ቀበሌ ወጣሁ።

የወረዳ ሠራተኛ ነኝ። የቀበሌው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ለዘንድሮው ዕቅድ ከሁለት ነገር አንዱን እንዲመርጡ ነው የሄድኩት። ወይ መሰብሰቢያ አዳራሽ፣ ወይ በወር አንዴ መድኃኒት ይዛ የምትወጣ ነርስ። በጀቱ ለሁለቱም አይበቃም።

ማንበብ የማይችሉ አሉ፣ ማየት የማይችሉ አሉ። ስለዚህ ለአንድ ሰው አምስት ሽምብራ ይሰጣል፤ የመረጠው ጣሳ ውስጥ ይጨምራል። ባለሱቋ «ጥሬ አልቋል፣ የተቆላ ነው ያለኝ» ስትለኝ... ሽምብራ ሽምብራ ነው ብዬ ገዛሁ።

ዱዓ ተደረገ። ሽምብራው ታደለ። ክርክሩ ተጀመረ።

እማማ ዘሀራን ልጃቸው አዝሏቸው ነው የመጣው። የደም ግፊት አለባቸው።

«መድኃኒቴን በበቅሎ ከተማ እየወረድኩ ነበር የምወስደው» አሉ። «በቅሎዋ ሞተች። ኪኒን ካየሁ ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ።»

ጋሽ ይመር ክራንቻቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሲናገሩ ማዶ ድረስ የሚሰሙ ሰው ናቸው።

«ነርስ ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትዛወራለች። አዳራሽ ግን የትም አይሄድም!»

አብዛኛው ሰው «እውነት ነው» አለ። እማማ ዘሀራ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ነርሷ ቀረች ብዬ አዘንኩ፤ ግን ስብሰባ መሪ ነኝ፣ ማዳላት አልችልም።

ክርክሩ ረዘመ። በመሃል ከኋላ ቀርጨም ቀርጨም የሚል ነገር ይሰማኛል... አንዱ በቅሎውን ገብስ እያበላ መሰለኝ።

«በሉ፣ አሁን ድምፅ እንስጥ» አልኩ።

ማንም አልተነሣም።

«ሰጠን እኮ» አሉ ጋሽ ይመር። «አልሰማኸንም እንዴ?»

መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። አንድ ተኩል ሽምብራ ቀርታለች።

«ግማሿ ትቆጠራለች?»

ዞሬ አየሁ። መዳፉ ሁሉ ባዶ ነው። ሽምብራቸውን እንደጨበጡ የተቀመጡት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው... አምስቱም ጥርስ የላቸውም።

እማማ ዘሀራ በልጃቸው ጀርባ ሆነው ወደ ነርሷ ጣሳ ተጠጉ። አምስቱንም ሽምብራ አንድ በአንድ ጣሉ። ኳ... ኳ... ኳ... የቀሩት አራቱ እዚያው ጣሳ ላይ ደገሙ።

«ይሄማ አይሆንም!» አለ አንድ ጎልማሳ። «በጠጠር ይደገም!»

እማማ ዘሀራ ዞሩ። «ስትቆረጥም ማን ያዘህ? እኔስ ጥርስ ቢኖረኝ የምተወው መሰለህ?»

ስብሰባው በሳቅ አውካካ። ሳቁ በረድ ሲል «ይደገም ወይስ ይጽና?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም ጋሽ ይመርን አየ።

ጋሽ ይመር በክራንቻቸው ቀጭ ቀጭ እያሉ መጡና አንድ ተኩሏን የነርሷ ጣሳ ውስጥ ጨመሩ።

«ይጽና። የምከሰው ካለ አፌን ነው።»

ከዚያ በኋላ ይደገም የሚል ጠፋ።

ነርሷ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣች። አብሬያት ሄድኩ። የእማማ ዘሀራን ግፊት ለካች፣ የወር ኪኒናቸውን ሰጠቻቸው። እሳቸውም እሷን መርቀው፣ እኔን መርቀው፣ ባለሱቋንም ሳይቀር መረቁ።

ቀጥሎ ጋሽ ይመር «እኔ እንኳ ደህና ነኝ፣ እንዲያው ለወጉ ነው» እያሉ ክንዳቸውን ዘረጉ። ነርሷ ለካች። ፊቷ ተቀየረ። ደግማ ለካች... ከተለኩት ሁሉ የእሳቸው ግፊት በለጠ።

ኪኒናቸውን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው፦

«ያ አዳራሽ ተሠርቶ ቢሆን እኮ... መጀመሪያ ለቅሶ የምትቀመጡበት ለእኔ ነበር።»